ሳሙና በሕፃን ሳንባ ውስጥ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። እህቴ በ31 ሳምንቷ ወለደች። ልጅቷ ሙቀት ክፍል ናት፣ ስትተነፍስ ታቃስታለች። ሐኪሙ «ሳንባዋ ሰርፋክታንት ያንሰዋል፤ እንደ ሳሙና ያለ ነገር ነው» ብሎን ሄደ። እናቴ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ሳሙና ሳንባ ውስጥ ምን ይሠራል?
የሕፃኗ አክስት

መልስ፦ እህትሽን እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ። ሐኪሙ ልክ ነው፤ ግን ቁጭ ብሎ ሊያስረዳችሁ ይገባ ነበር።

ለእናትሽ ይህን አሳዪያቸው። ሳህን ላይ ውሃ አድርጊና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ በተን አድርጊበት። ጣትሽን ሳሙና ቀብተሽ መሃሉን ንኪ። በርበሬው ወደ ዳር ይሸሻል። የውሃ ፊት እንደተወጠረ ስስ ቆዳ ነው፤ ሳሙና የነካው ቦታ ይላላል፣ ዳር ዳሩ ይስበዋል።

የሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶችም ውስጣቸው እርጥብ ነው። ያ እርጥበት እየተሳሳበ ከረጢቱን ያጣብቀዋል። ከረጢቱ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ለመንፋት የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ሰርፋክታንት አብዛኛው ቅባት ነው። በእርጥበቱ ላይ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ያለው ንጣፍ ሆኖ ይዘረጋል፣ እንደ ሳሙናው ውጥረቱን ያላላል። ስንት ዓመት ሠርቼበት ዛሬም ይደንቀኛል። አየር ስናስወጣ ከረጢቱ ይጠባል፣ ሞለኪውሎቹ ይጠጋጋሉ፣ ውጥረቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ቦታ ሲያንሰው ንጣፉ እንደ ነጠላ ይታጠፋል፤ አየር ስንስብ መልሶ ይዘረጋል።

ይህ ንጣፍ በደንብ የሚበቃው ወደ 35 ሳምንት ገደማ ነው። ልጃችሁ አልደረሰችበትም። የምታቃስተው ጉሮሮዋን አጥብባ አየሩ ሁሉ እንዳይወጣባት ስትታገል ነው። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ካለ የሚያግዛት በዚሁ ነው፤ በአየር ግፊት ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። የቱቦው ሌላ ጫፍ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ግፊቱን የሚወስነው ጥልቀቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር። ሌሊት ተረኛ ስሆን ያ ድምፅ ሲቆም ከወንበሬ ብድግ እል ነበር።

መድኃኒቱም አለ። ፉጂዋራ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በ1980 (እ.ኤ.አ.) ከላም ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት በቱቦ ለ10 ሕፃናት ሰጥቶ መተንፈሳቸው እንደተሻለ አሳየ። ሆስፒታላችሁ ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ፤ ውድ ነው፣ ሁሉም ጋ አይገኝም። ብዙዎቹ ሕፃናት ግን ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ የራሳቸውን በብዛት ማምረት ይጀምራሉ።

እናትሽ ሲገቡ ጠርሙሱን አሳዪያቸው። ቡልቅታው ከቆመ ተረኛዋን ነርስ ወዲያው ጥሩ። ይቅርታ አትጠይቁ፣ አትፍሩ።