ጥያቄና መልስ፦ የአፍላ ዕድሜ ወሊድንና ውፍረትን በአገሮች መካከል ማነጻጸር

ከፒያሳ፦ የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ኢትዮጵያ የአፍላ ዕድሜ ወሊድ አንዴ 80 ከሺህ፣ አንዴ 13 በመቶ ይላል። ከአሜሪካ ጋር የቱ ይወዳደር?

መላሽ፦ 80ው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ከሆነ 1,000 ሴቶች በዓመት ስንት ሕፃን ተወለደ ማለት ነው። 13 በመቶው ግን ከነዚሁ ታዳጊዎች ውስጥ እስከ ጥናቱ ቀን የወለዱትንና የመጀመሪያቸውን ያረገዙትን ይደምራል። የአሜሪካው 13.1 ከሺህ ነው፣ ያውም የ2023፤ በ2016 20.3 ነበር። ሁለቱን 13 አይቶ «እኩል ነን» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ታህቱን፣ ማለትም ቁጥሩ ከስንትና ከእነማን እንደተሰላ እዩ!

ከካዛንቺስ፦ ጥሬ መረጃው ላይ ዕድሜው አልገጥም አለኝ።

መላሽ፦ የዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ የጥናቱ ጥሬ መረጃ የተመዘገበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በ1992 ዓ.ም. የተወለደችን ልጅ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ላይ ብትቀንስ 24 ትሆንብሃለች። ጥናቱ የተካሄደው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ዕድሜዋ 15 ወይም 16 ነው። ሳታስተካክል ከሄድክ ታዳጊዎቹ በሙሉ ከታህቱም ከላዕሉም ይወጣሉ።

ከአራት ኪሎ፦ የትኛው አገር ይበልጣል?

መላሽ፦ በምን? በየትኛው ዓመት? እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመለስም።

ከአራት ኪሎ፦ በውፍረት፣ ጃፓንና ቻይና።

መላሽ፦ አሁን ገባኝ። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 72 ኪሎ የሆነ ሴት እንውሰድ። የክብደት ስሌቱ (BMI) ኪሎውን ቁመት በቁመት ተባዝቶ ለሚመጣው ማካፈል ነው፤ 72ን ለ2.56 (1.60 × 1.60) ስናካፍል 28.1 ይመጣል። በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ውፍረት የሚባለው ከ30 ጀምሮ ስለሆነ እሷ ክብደቷ ከፍ ያለ ብቻ ናት። ቻይና ከ28፣ ጃፓን ከ25 ስለሚጀምሩ በሁለቱም አገር ወፍራም ተብላ ትመዘገባለች። ስለዚህ የየአገሩን ሪፖርት እንዳለ አትደርድሩ፤ ሁሉንም በ30 ቁረጡ። ደግሞም መረጃው የተሰበሰበው ሰው ተለክቶ ነው ወይስ በስልክ ተጠይቆ? ሰው ቁመቱን ይጨምራል፣ ኪሎውን ይቀንሳል። 75 ኪሎና 1.58 የሆነች 30.0 ናት፤ 1.61 ነኝ ካለች 28.9 ሆና ከቁጥሩ ትወጣለች።

ከሜክሲኮ፦ ድህነት ነው የታዳጊ ወሊድንም ውፍረትንም የሚያመጣው፤ አሜሪካን ማየት ይበቃል።

ከልደታ፦ ኒጀርስ? ወሊዱ ከፍተኛ ነው፣ ውፍረቱ ግን ዝቅተኛ።

ከሜክሲኮ፦ እኔ ያልኩት ስለ ሀብታም አገሮች ነው።

ከልደታ፦ ኩዌትም ሀብታም ናት፤ ውፍረቱ ብዙ፣ የታዳጊ ወሊዱ ትንሽ!

መላሽ፦ ልደታ ትክክል ናት። የአገር አማካይ ስለ አንዲት ልጅ አይናገርም። በዚያው በ2016 ጥናት መውለድ የጀመሩት አዲስ አበባ 3፣ አፋር 23 በመቶ ናቸው።

ከስታዲየም፦ የ9 ዓመት ልጄ የክብደት ስሌቱ 27 ነው፣ ወፍራም ነው?

መላሽ፦ የአዋቂ መቁረጫ ለልጅ አይሠራም። ጤና ጣቢያ ውሰደው፣ በዕድሜና በጾታ ሰንጠረዥ ይታይ።

ከፒያሳ፦ የወሊዱንም የውፍረቱንም ቁጥር ከዚያው የ2016 ጥናት ብወስድ ችግር አለው?

መላሽ፦ አሁንም ታህቱን እይ። የክብደት ስሌቱ ነፍሰ ጡሮችንና ባለፉት 2 ወራት የወለዱትን አያካትትም፤ የወሊድ ምጣኔው ያካትታል።