ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ

በምግብ ዋስትና ሥራ ለተሰማራችሁ ወጣቶች፣

«ገበያ ላይ እህል አለ» የሚል ሪፖርት ሲደርሳችሁ ቶሎ አትረጋጉ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እንዳሳየው፣ ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠው ስላልነበረው ዋጋ የሚያስወድድ ገዢ እንኳ መሆን አልቻለም።

በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል የሚሰበስበው በኮታና በተተመነ ዋጋ ነበር፤ ኬላው ደግሞ የነጋዴውን እህል ያግዳል። ምርት ያነሰበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን በርካሽ ያስረክባል። በ1982 ዓ.ም. ኮታው ሲነሣ በትርፍ አምራችና በእህል አጠር አካባቢዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ጠበበ። ማሻሻያው ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ይሸምት የነበረው ከተሜ ግን ርካሹን እህል አጣ። ነፃ ገበያ መጋዘንና ገዢም ይዞ አይመጣም። በ1994 ዓ.ም. ከጥሩ ምርት በኋላ የበቆሎ ዋጋ ወደቀና ማሳው ላይ የተውት ነበሩ። የማዳበሪያ ዕዳ የከበደው ገበሬ ለቀጣዩ ዘር ማዳበሪያ ቀነሰ፤ ዝናቡም ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ።

ስለዚህ የቀን ሠራተኛው ምንዳ ስንት ኪሎ እንደሚገዛ አስሉ፤ በወር ስንት ቀን ሥራ እንደሚያገኝም ጠይቁ። ለምሳሌ ምንዳው 300 ብር፣ በቆሎ በኪሎ 40 ብር፣ ሥራው 20 ቀን ቢሆን 150 ኪሎ ይገዛል። ዋጋው ወደ 30 ብር ወርዶ ሥራው 6 ቀን ቢሆን 60 ኪሎ ብቻ ነው። በርዳታ ስሌት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ስለሚታሰብ አምስት ነፍስ ላለው ቤት 75 ኪሎ ያስፈልጋል። የወፍጮና የዘይት ገና አልተነሣም! ለአርብቶ አደር በምንዳው ፈንታ የአንድ ፍየል ዋጋ አስገቡ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘሩንም በዚሁ መለኪያ መዝኑት።

መረጃው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከምንጩ ነው። ባለፈው ሳምንት የማኛ፣ በዚህ ሳምንት የሰርገኛ ጤፍ ዋጋ የመዘገበ ሰው «ጤፍ ረከሰ» ይላችኋል። ጣሳው ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። የጅምላውን የኩንታል ዋጋ ብቻ አትውሰዱ፤ ደሃው የሚሸምተው በጣሳ፣ በውድ ነው።

ገበሬው ብድርና ግብር ለመክፈል ሲል ጥር ላይ በርካሽ ሸጦ ነሐሴ ላይ በውድ መልሶ ይገዛል። የዕዳው ቀን ቢገፋ ይረዳዋል። ነገር ግን «ቆይተህ ሽጥ» ከማለታችሁ በፊት ጎተራውን እዩ፤ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች ያልወረደ በቆሎ በጆንያ ቢታሰር ይሻግታል፣ ነቀዝም ይገባዋል፤ ያኔ የጥር ወሩ ርካሽ ዋጋ ሳይቀር ያመልጠዋል።