ስዋሂሊ የገባኝ ልብስ ዝናብ ካስመታሁ በኋላ ነው

እህቴ፣ «ናይሮቢ ከመጣሁ 3 ወሬ ነው፣ የሰዋስው መጽሐፍ ገዝቻለሁ፣ ቤት ውስጥ የሚሉኝ ግን አንዱም አይገባኝም» ብለሻል። መጽሐፉን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። እኔም በሱ ጀምሬ የስም መደብ (ስሞች በየቡድናቸው የሚከፈሉበትን) ሰንጠረዥ ሳይ ራሴን አሞኝ ነበር።

ቋንቋው የገባኝ አከራዬ ልጆቿን ስታዝ በመስማት ነው። ቀኑን ሙሉ ዝጋ፣ ክፈት፣ እጠብ፣ አምጣ ነው። ትእዛዝ አጭር ነው፣ ዕቃውም ፊትሽ አለ። ፉንጋ ዝጋ፣ ኦሻ እጠብ፣ ፒካ አብስል። ዝጋና ዝጊ የሚባል ነገር የለም፣ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ለብዙ ሰው ሲሆን ፉንጌኒ ይላሉ። ንጆ (ና)፣ ኔንዳ (ሂድ) እና ሌቴ (አምጣ) ግን ከወግ ስለወጡ በቃል ያዣቸው።

አንድ ቀን አከራዬ ከገበያ ደውላ «አኑዋ ንጉዎ!» አለችኝ። አኒካ ንጉዎ ልብስ አስጣ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። አኑዋም ያው መስሎኝ፣ ሳፋ ውስጥ የነበረውን እርጥብ ልብስ በሙሉ አውጥቼ ከተሰጣው ጎን ደረደርኩት። ለካ ዝናብ እየመጣ ነውና የተሰጣውን አስገባ ማለቷ ነው! ዶፉ ወረደ። ስትመለስ በሳቅ ሞተች፣ ከዚያ በሩ አጠገብ አቁማ አስተማረችኝ። ፉንጋ ዝጋ፣ ፉንጉዋ ክፈት። ኩንጃ እጠፍ፣ ኩንጁዋ ዘርጋ። ፉኒካ ክደን፣ ፉኑዋ ግለጥ። ያቺ «ኡዋ» የተሠራውን መልሳ ታፈርሳለች፤ እኛ ለየአንዳንዱ ሌላ ቃል እንፈልጋለን። በኡዋ ያለቀ ሁሉ እንዲህ ነው እንዳትዪ ደግሞ፤ ኑኑዋ ግዛ፣ ቹኩዋ ውሰድ ነው።

ፈላ ብለን አፈላ ስንል «አ»ን ከፊት እንጨምራለን አይደል? እነሱ ከኋላ ነው የሚነካኩት። ቼምካ መፍላት፣ ቼምሻ ማፍላት። ዋካ መብራት፣ ዋሻ ማብራት (የኛ ዋሻ ጨለማ ነው፣ የነሱ ያበራል)።

«እጠበው» ላይ ያለችው «ው» ግን በተቃራኒው እነሱ ጋ ከፊት ትመጣለች፣ እንደ ዕቃውም ትለዋወጣለች። ኩባያ ኪኮምቤ ስለሆነ ኪኦሼ፣ ሲበዛ ቪኮምቤ ስለሚሆን ቪኦሼ፤ መስኮት ዲሪሻ ነው፣ «ዝጋው» ሲባል ሊፉንጌ። መጨረሻዋ «አ» ወደ «ኤ» ትዞራለች። ያ ያስፈራኝ ሰንጠረዥ ይኸው ነበር! ማንኪያ (ኪጂኮ)፣ ቢላ (ኪሱ)፣ ወንበር (ኪቲ) እያልሽ በእጅሽ እያነሳሽ ብትለማመጂ በሳምንት ኪ እና ቪ አፍሽ ላይ ይገባሉ።

ማጠብ ላይ ተጠንቀቂ። እኛ ሁሉንም ማጠብ እንላለን። እነሱ ዕቃ ኦሻ፣ ልብስ ፉዋ፣ እጅ ናዋ፣ ገላ ኦጋ። ሕፃኑን «ፉዋ» ብዬ ቤቱን ሁሉ አስቄያለሁ፣ ልጁን ገመድ ላይ ላሰጣው ይመስል። ሌላን ሰው ገላውን ማጠብ ኦጌሻ ነው።

ለትልቅ ሰው ደረቅ ትእዛዝ ነውር ነው፣ ናኦምባ (እለምናለሁ) ብለሽ ጀምሪ። ገበታ ላይ ደግሞ «ኒሳይዲዬ ቹምቪ» ሲሉሽ አትደንግጪ፣ «በጨው እርጂኝ» እንደማለት ነው፣ ጨው አቀብዪ።

ቃሉን በተመለከተ እንደፈራሽው አይደለም። ሳሃኒ ሳህን፣ ሱካሪ ስኳር፣ ሳቡኒ ሳሙና፣ ዳኪካ ደቂቃ፤ አብዛኞቹ እኛም እነሱም ከዓረብኛ ያገኘናቸው ናቸው። ደስ የሚለው ደግሞ ሰዓታቸው እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጠረው። ሳ ምቢሊ አሱቡሂ ሲሉሽ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ምንም ማስላት የለም። ያው ሰው በእንግሊዝኛ «ኤይት» ካለሽ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር መሄዱ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ስትቀጥሪ በየትኛው ቋንቋ እንደተስማማችሁ አትርሺ፤ እኔ በእንግሊዝኛ «ቱ» ብሎኝ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሬ እስከ 8 ሰዓት በር በሩን ሳይ ውያለሁ።