«10 ለ 53» ሲባል ማን አሸነፈ?

ጥያቄ፦ ገላን አካባቢ ባለ ፋብሪካ እሠራለሁ። ክሪኬትን ከሕንዳውያን ባልደረቦቻችን ስለለመድን፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳችን ስለ ቴስት ክሪኬት (በአገራት ቡድኖች መካከል ለቀናት የሚካሄደው ጨዋታ) ክብረ ወሰኖች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ጂም ሌከር አውስትራሊያ ላይ 10 ለ 53 ወረወረ» ብዬ ብጽፍ፣ ያነበበው ሁሉ «ታዲያ ተሸነፈ ማለት ነው?» ይለኛል። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ «ለ» ላይ እና «ወረወረ» ላይ ነው።

በስፖርት ዜናችን «ለ» ሁለት ተጋጣሚዎችን ፊት ለፊት ያቆማል። 3 ለ 1 ስንል ሁለቱም ቁጥሮች ጎል ናቸው፤ ብዙ ያገባው አሸንፏል። በእንግሊዛዊው ሌከር ቁጥር ውስጥ ግን 10ሩ ዊኬት (ከጨዋታ ያስወጣቸው መቺዎች)፣ 53ቱ ደግሞ እሱ ቦውል ሲያደርግ (ኳሷን ወደ መቺው ሲልክ) ተቃራኒዎቹ ያስቆጠሩት ራን (ነጥብ) ነው። አንባቢዎ የለመደውን «ለ» ይዞ ስለሚያነብ ሌከር በ43 ልዩነት የተረታ ይመስለዋል። ስለዚህ «ለ»ን ይተዉትና እንዲህ ይጻፉ፦ «ሌከር 53 ራን ሰጥቶ 10 ዊኬት ወሰደ።»

የግሶቹን ቅደም ተከተል ልብ ይበሉ። በአማርኛ ዋናው ወሬ ያለው ማሰሪያው ግስ ላይ ነው። «10 ዊኬት ወስዶ 53 ራን ሰጠ» ካሉ ቁጥሮቹ ሳይለወጡ ሙገሳው ወቀሳ ይሆናል።

«ወሰደ» ደግሞ ጥሩ ነው፤ ዋንጫና ሜዳሊያም ይወሰዳሉ። «ዊኬት ጣለ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክረውም፤ በእግር ኳስ ቡድን ነጥብ የሚጥለው ሲከስር ነውና። «ራን»ንም «ሩጫ» ብለው አይተርጉሙት። ኳሷ መሬት ነክታ የሜዳውን ወሰን ካለፈች ማንም ሳይሮጥ አራት ራን ይቆጠራል።

የጊዜውን ወሰንም አይርሱ። ሌከር 10ሩን የወሰደው በአንድ ኢኒንግስ (አንድ ቡድን በሚመታበት ተራ) ነው። በዚያው ጨዋታ፣ ማንቸስተር ላይ እ.ኤ.አ. በ1956፣ በመጀመሪያው ኢኒንግስ 37 ራን ሰጥቶ 9 ወስዶ ስለነበር የጨዋታው ድምር 90 ራን ሰጥቶ 19 ዊኬት ነው። አኒል ኩምብሌ እ.ኤ.አ. በ1999 ዴልሂ ላይ (74 ራን ሰጥቶ)፣ አጃዝ ፓቴልም በ2021 ሙምባይ ላይ (119 ራን ሰጥቶ) በአንድ ኢኒንግስ 10 ወስደዋል፤ 19ኙን ግን የደረሰበት የለም። «እ.ኤ.አ.» ካልጻፉ ደግሞ ሰሌዳው ሥር የቆመ ሰው ዓመቱን በራሱ አቆጣጠር ነው የሚያነበው።

«ወረወረ» የባሰ ጣጣ አለው። ጦርና ዲስከስ ይወረወራሉ፤ ክሪኬት ውስጥ ግን መወርወር የተከለከለ ነው። ኳሷ ስትለቀቅ የታጠፈ ክርን አሁን ባለው ደንብ ከ15 ዲግሪ በላይ ከተዘረጋ ጥፋት ነው። የቴስቱን ክብረ ወሰን በ800 ዊኬት የያዘው ሙቲያ ሙራሊታራን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ሜልቦርን ላይ ዳኛው ደጋግሞ ኖ ቦል (ሕገወጥ ኳስ) የጠራበት ወረወርክ ተብሎ ነው፤ በኋላ የቦውል አደራረጉ ተመርምሮ ተፈቀደለት። ሕጋዊውን «ወረወረ» ካሉት ይህን ክስ በምን ቃል ይጽፉታል? «ቦውለር»፣ «ቦውል አደረገ» ይበሉ፤ «ወረወረ»ን ለጥፋቱ ይተዉለት።

አማካይም እንዲሁ ያሳስታል። የቦውለር አማካይ ለአንድ ዊኬት የሰጠው ራን ስለሆነ ሲያንስ ነው የሚደነቀው። «ጆርጅ ሎማን ዝቅተኛ አማካይ አለው» ቢሉ ደካማ ያስመስሉታል። «ለአንድ ዊኬት በአማካይ 10.75 ራን ብቻ እየሰጠ 112 ወሰደ» ሲሉ «ብቻ» ሥራውን ይሠራል።

መምታቱንም ቦውል ማድረጉንም ለሚችል ተጫዋች «ሁለገብ» ይበቃል። እዚህ ላይ ግን «አስቆጥሮ ወሰደ» የሚለው አካሄድ አይመችም፤ አንዱን ሙያ የሌላው መንደርደሪያ ያደርገዋል። «ም»ን ይጠቀሙ፦ «ጃክ ካሊስ በቴስት 13,289 ራንም አስቆጥሯል፣ 292 ዊኬትም ወስዷል።» ኢያን ቦታም እ.ኤ.አ. በ1980 ቦምቤይ ላይ በአንድ ጨዋታ 114 ራንም አስቆጥሯል፣ 13 ዊኬትም ወስዷል።

ከቁጥር በኋላ «ዊኬቶች» ማለት ግድ አይደለም፤ «800 ዊኬት» ሙሉ አማርኛ ነው።