መድረኩን ለመዝጋት አትቸኩሉ

እህቴ፣ «የማኅበራችንን የመወያያ ድረ ገጽ በትርፍ ጊዜያችን ነው የምናስተዳድረው፤ በእንግሊዝ የኦንላይን ደኅንነት ሕግ ምክንያት እንዝጋው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሕጉ ሰዎች የሚጽፉባቸው ድረ ገጾች ተጠቃሚዎቻቸውን ከሕገ ወጥ ነገር እንዲጠብቁ የሚያስገድድ ነው። አትዝጉት። እኛም እዚሁ እንግሊዝ አገር እንደናንተው ያለ መድረክ አለን። እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

1. መጀመሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ ለዩ። ውይይታችሁ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ግሩፕ ቢሆን ኖሮ የዚህ ሕግ ግዴታ ያለው ኩባንያው ላይ እንጂ አድሚኑ ላይ አይደለም። የራሳችሁ ድረ ገጽ ከሆነ ግን አገልግሎት ሰጪዎቹ እናንተ ናችሁ። አባላታችሁ ጥቂት መሆናቸው ነፃ አያወጣችሁም።

2. የአደጋ ግምገማውን፣ ማለትም ሕገ ወጥ ነገር በመድረካችሁ በየት በኩል ሊገባ እንደሚችልና እንዴት እንደምትከላከሉት የሚገልጸውን ሰነድ፣ ራሳችሁ ጻፉት። ለማንም ገንዘብ አትክፈሉ! ሕጉን የጣሰ ሰው ቅጣት እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከገቢ 10 በመቶ ይደርሳል፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ማለት ነው። የኛ ኮሚቴ ይህን ሲሰማ ክው አለ። እኔ ብቃወምም አማካሪ ቀጠሩ። ሰውዬው ጥያቄ ስንጠይቀው «ይህ ለእናንተ ከባድ ነው» እያለ ስልክ ይዘጋብናል። በመጨረሻ የላከው ሰነድ ስለ ቀጥታ ቪዲዮ ስርጭትና ስለ ዕቃ መሸጫ ያወራል። እኛ ሁለቱም የሉንም። ገጹ ግርጌ ላይ የሌላ ደንበኛ ስም እንኳ አልጠፋም ነበር። ገንዘባችንን መልስ ብንለው «ሥራዬን ጨርሻለሁ» አለ። የአባላት መዋጮ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሕጉ የሚፈልገው የራስሽን መድረክ የሚመለከት ግምገማ ስለሆነ ያ ሰነድ ምንም አልጠቀመንም። ስለዚህ እኔው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም በነፃ ያወጣው መመሪያ አለ። እኔ ስጽፍ 17 ዓይነት ወንጀሎች ተዘርዝረውበት ነበር፦ ሽብር፣ ማጭበርበር፣ ጥላቻ፣ በልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱን ይዤ «ይሄ በኛ ቤት በየት በኩል ሊገባ ይችላል?» እያልኩ ሄድኩ። በአደባባይ የሚጻፈውን ሁሉም ያየዋል፣ ቶሎም ይነሳል። ችግሩ የግል መልእክት ነው። አንድ ሰው አዲስ የገቡ አባላትን በግል እያናገረ «የቪዛ ጉዳይ እጨርሳለሁ» በሚል ብር ሲጠይቅ ደርሰንበት ነበር። ይህን በግምገማው ላይ ጻፍኩት። አዲስ አባል ትንሽ ሳይቆይ የግል መልእክት እንዳይልክም ዘጋን። በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ የሚጻፍ ስድብን ማጣሪያ ሶፍትዌር እንደማይዝልን፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እንደሚያነበው አሰፈርኩ። ይህንን የትኛው አማካሪ ያውቀዋል? በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ።

3. የልጆችን ጉዳይ ለብቻው ጻፉት። ልጆች ይገባሉ ወይ የሚለውን መገምገም ግዴታ ነው። «ከ18 ዓመት በታች ክልክል ነው» ብሎ መለጠፍ ብቻ አይበቃም።

4. ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው በስም ይሰየም። አቤቱታ የሚቀርብበት መንገድም ይኑር። ደግሞ ከኦፍኮም ደብዳቤ ከመጣ ዝም አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ፎርቻን (4chan) የተባለውን የአሜሪካ የመወያያ ድረ ገጽ 20,000 ፓውንድ ያስቀጣው ለመረጃ ጥያቄ መልስ አለመስጠቱ ነው።

ብዙዎች ተደናግጠው ዘግተዋል። ሃምስተር የምትባለውን ትንሽ የቤት እንስሳ የሚወዱ ሰዎች መድረክ እንኳ እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር፣ ያሳዝናል። የኛ አረጋውያን ግን የኛ መድረክ ላይ ገብተው ነው የሐኪም ቀጠሮ ደብዳቤ የሚያስተረጉሙት። ያንን ዘግተን ወዴት እንላካቸው?

ግምገማውን ስትጨርሱ ቀን ጻፉበት፤ በየዓመቱ ይከለሳል። አዲስ ነገር ስትጨምሩ፣ ለምሳሌ ፎቶ መጫኛ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ግምገማውን እንደገና ሥሩ። የኛን ቅጂ ማየት ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ እልክልሻለሁ። ግን እንዳለ አትገልብጪው፤ የግል መልእክት የሚለው ክፍል ላይ የናንተን ሁኔታ ጻፊበት።