አዲስ የወንጀል ፍርድ ቤት ለማቋቋም ሥልጣኑ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው። ወንድሜ በወንጀል ተከስሶ ጉዳዩ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ እየተላለፈ ይገኛል። ፓርላማው በአዋጅ ለመሐል ከተማው ተጨማሪ የወንጀል ፍርድ ቤት ሊያቋቁም አይችልም?

መልስ፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ከፍተኛ እና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች በአገሪቱ በሙሉም ሆነ በከፊል እንዲደራጁ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊወስን እንደሚችል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች የተቋቋመው በዚሁ ሥልጣን ነው። በአዲስ አበባ ግን ሁለቱም ፍርድ ቤቶች ቀድሞውኑ ያሉ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ደረጃው ልደታን፣ አራዳንና ቦሌን በመሳሰሉ ምድቦች ይሠራል፤ ስለዚህ እርስዎ የሚሹት እፎይታ በነባሩ ፍርድ ቤት ሥር ተጨማሪ የወንጀል ችሎት በመክፈት ሊገኝ ይችላል። ደንብ መተላለፍን የሚያዩትን የከተማዋን ፍርድ ቤቶች የወንጀል ሥልጣን ማስፋት ከሆነ ግን የሕግ ማሻሻያ ይጠይቃል።

አዲስ ፍርድ ቤት ሲባል ልብ ሊባል የሚገባው ድንበር አለ። ከመደበኛው ፍርድ ቤት ሥልጣን ነጥቆ፣ በሕግ የተደነገገውን የዳኝነት ሥርዓት የማይከተል ልዩ ወይም ጊዜያዊ ፍርድ ቤት ማቋቋምን ይኸው አንቀጽ 78 ይከለክላል። በደርግ ዘመን ልዩ ፍርድ ቤቶች ያደረሱትን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ክልከላ እጅግ ውድ ነው፤ መዝገብ በዛ ተብሎ ፈጽሞ ሊላላ አይገባውም።

በእኔ እምነት ትልቁ ማነቆ ዳኛ ነው። የፌዴራል ዳኞች በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ከታጩ በኋላ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ ይሾማሉ፤ በጀቱንም የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። ዳኛ ቢሟላም እንኳ ዐቃቤ ሕግ፣ ተከላካይ ጠበቃና ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱን መዝገቦች የሚያስተዳድረው ሠራተኛ) አብረው ካልጨመሩ ለውጡ ትንሽ ነው። አንድ ዐቃቤ ሕግ በሁለት ችሎቶች በአንድ ሰዓት ከተቀጠረ አንደኛው መዝገብ መተላለፉ አይቀርም፤ መጥሪያ ያልደረሰው ምስክርም በአዲሱ ችሎት አይቀርብም።

ወንድምዎ አዲስ ችሎት እስኪከፈት መጠበቅ የለበትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ በመደበኛ ፍርድ ቤት የመሰማት መብት ሰጥቶታል። በእያንዳንዱ ቀጠሮ የተላለፈበትን ምክንያት ከመዝገቡ ይያዙ፤ ምክንያቱ የምስክር አለመቅረብ ከሆነ፣ ፖሊስ ምስክሮቹን አስገድዶ እንዲያቀርብ ችሎቱ ትእዛዝ ይሰጥ ዘንድ በጽሑፍ ያመልክት። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለውና በዚህ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት መጠየቅም መብቱ ነው።