ቤተኛ ለመሆን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ባይተዋርነት ናቸው። ጠያቂዎቹ ሰው መሃል እየዋሉ ብቸኝነት የሚሰማቸው ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ከአዲስ አበባ ተዛውሬ እዚህ ባንክ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ግን ምሳ ሰዓት ላይ ተጠራርተው ሲወጡ እኔን የሚጠራኝ የለም። ችግሩ እኔ ጋ ነው?

አይመስለኝም። እነሱ ለዓመታት አብረው ስለወጡ እግራቸው ለምዶታል። ማን እንደቀረ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። አንቺ «አልፈለጉኝም» ትያለሽ። እነሱ ደግሞ «የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ የእኛ ነገር አይጥማትም» ብለው ይሆናል። እንዲህ ተጠባብቆ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ጊዜውም ገና ነው። ጄፍሪ ሆል የሚባል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ጉዳይ አጥንቷል። በእሱ ግምት ትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመለወጥ ወደ 50 ሰዓት አብሮ ማሳለፍ ይፈልጋል። የልብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። በሥራ ላይ አብሮ የዋሉት ሰዓት ደግሞ ያን ያህል እንደማያቀራርብም አይቷል። ስለዚህ አምስት ወር ጎን ለጎን ገንዘብ መቁጠራችሁ ብቻውን አያዋድዳችሁም።

ሁሉንም በአንዴ ለመልመድ አትሞክሪ። አንዷን ምረጪ። ቡና ጋብዣት። ከዚያ አንድ ነገር አስቸግሪያት፤ ጥሩ ጤፍ ከማን እንደሚሸመት ጠይቂያትና በገበያ ቀን አብራችሁ ውጡ። ሰው ያገዘውን ሰው ይቀርባል። ሌላው፣ ከባልደረቦችሽ አንዱ ቤት ሐዘን ሲደርስ ወይም አንዷ ስትወልድ እንዳትቀሪ። «ገና አልተቀራረብንም» ብለሽ አታመንቺ። ጎጃም ውስጥ ልቅሶ የደረሰ ሰው አይረሳም። በማግስቱ ቢሮ ስትገቢ ሰላምታው ራሱ ይለወጣል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አዲስ ሰፈር ቤት ሠርተን ገባን። የእድሩ መግቢያ ከብዶን ነበር፤ እንደምንም ከፈልን። አሁን ግን ስንቀር ከመቀጣት በቀር የሚያውቀን የለም።

መግቢያው የሚከብደው ነባሮቹ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ለዓመታት አዋጥተው ስለገዙት ነው። እርስዎ ከመጀመሪያው ቀን እኩል ይገለገሉበታል። እንደ እርስዎ የከበደው ሌላ ጎረቤት ካለ፣ በየወሩ ከፍሎ እንዲጨርስ ሰብሳቢውን ይጠይቅ። አዲስ ሰው በመግቢያ ክፍያ ምክንያት ውጭ የሚቀርበት እድር ግን ደንቡን ቢያሻሽል ደስ ይለኛል።

መታወቁ በክፍያ አይመጣም። ድንኳን ሲተከል ሰው ይበዛል፤ ሲነቀል ያንሳል። ሲነቀል ይገኙ። ሐዘንተኛው ቤት ሰው በሚሳሳባቸው ምሽቶች ጎራ ይበሉ። ገጠሩ ውስጥ ወንፈል የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ዛሬ እርሻዬ ላይ ላቡን ያፈሰሰ ሰው ነገ እርሻው ላይ ያገኘኛል። ወዳጅነቱ ከዚያ ይጀምራል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ባልደረቦቼ የማርያም ማኅበር አላቸው። በየወሩ በ21 ተራ በተራ ይደግሳሉ። እኔ ሙስሊም ነኝ። በማግስቱ ቢሮ ስገባ ወሬውም ሳቁም የትናንቱ ድግስ ነው። ቅር ማለቴ ልክ ነው?

ወንድሜ፣ ልክ ነው። እነሱም አላጠፉም። የጽዋ ማኅበር ጸሎት ያለበት የእምነት ጉዳይ ነው፤ ለአንተ ሲባል ይለወጥ አይባልም፣ አንተም አልጠየቅህም። የሚጎዳው በመሥሪያ ቤቱ ሌላ መሰባሰቢያ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛ መሰባሰቢያ ያስፈልጋችኋል።

በእቁብ ጀምሩ። እቁብ የማን ልጅ ነህ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው አይልም። በዕጣ የሚወጣው እቁብ ወለድ ስለሌለበት ለአንተም አያስቸግርም። ዕጣው በወጣ ቁጥር ቡና ይፈላ። ለምግቡም አታስቡ። ሥጋውን ለየብቻ እንደምትበሉ ይታወቃል፤ ሽሮና ምስር ከሆነ ግን ረቡዕም ይሁን ዓርብ ሁላችሁም ከአንድ መሶብ ትበላላችሁ።

ይህን ለሚያነቡ የማኅበሩ አባላትም የምለው አለኝ። በኢድ ቀን ቤቱ ሂዱ። በስልክ «እንኳን አደረሰህ» ማለት ጥሩ ነው፤ ደጁን መርገጥ ግን ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሁሉም ተመቻችቶ የሚኖር ይመስለኛል። እኔ ብቻ እዚህ የማልመጥን ነኝ።

አንተ ብቻ አይደለህም። ዋልተንና ኮኸን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ተማሪዎች የነባሮቹን ተሞክሮ እንዲያነቡ አድርገው ነበር። መልእክቱ «እኛም ስንገባ አልመጥንም ብለን ነበር፤ አለፈ» የሚል ነበር። ይህን ያነበቡ ጥቁር ተማሪዎች በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ውጤታቸው ተሻሽሏል። አንተም ዛሬ ማታ ዶርም ውስጥ አንድ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልግና የመጀመሪያውን ሴሚስተር እንዴት እንዳለፈው ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ሦስት ማኅበር፣ ሁለት እቁብ፣ አንድ እድር አለኝ። ደከመኝ።

እድሩን ያዢ። ከቀሩት ውስጥ ስትቀሪ ደውሎ «ምነው?» የሚልሽ ሰው ያለበትን ጠብቂ። ሌላውን ተራሽን ጨርሰሽ፣ አመስግነሽ ውጪ።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ የእድር ሰብሳቢ ነኝ። ወጣት አጣን። ስብሰባ ስንጠራ አይመጡም።

አባቴ፣ ሲመጡ ምን ይሠራሉ? ወንበር ተሸክመው፣ ውኃ ቀድተው፣ ዳር ቆመው የሚመለሱ ከሆነ አይፈረድባቸውም። እዚያው እርስዎ ጋ ጥሩ ምሳሌ አለ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ ደርሷል። ጥር 23 ሲከበር ወጣቱ ፈረሱን ሸልሞ ከአባቶቹ ጋር ይጋልባል። ቆሞ ተመልካች ስላልሆነ ይመጣል።

የእድሩን የሒሳብ መዝገብ ለአንድ ወጣት ይስጡ። ነባሩ ጸሐፊ ለጥቂት ወራት አጠገቡ ይቀመጥ። ቢሳሳት ሰው ፊት አይገሥጹት፤ ለብቻው ያርሙት። ከዚያ ጓደኞቹን ራሱ እንዲጠራቸው ያድርጉ። ምን ያህል እንደመጡ ይጻፉልኝ።